ድምፁን ብቻ ነው የፈለግነው

አጎቴ ኤራስሞ ጋዜጣውን ገልብጠው እንደሚይዙ ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እሳቸው ብቻ ናቸው የማያውቁት።

የሲጋር ፋብሪካ አንባቢ ናቸው። ጠቅላዮቹ በየጠረጴዛቸው ጎንበስ ብለው ቅጠል ሲጠቀልሉ እሳቸው ከፍ ያለችው መድረክ ላይ ተቀምጠው ጠዋት መጀመሪያ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ ልብ ወለድ ያነቡላቸዋል። አንባቢውን የሚመርጡት ጠቅላዮቹ ናቸው፤ የሚያወርዱትም እነሱ ናቸው፤ አስተዳዳሪው ቢቆጣም ባይቆጣም ለውጥ የለውም። ንባቡ ሲጥማቸው ቅጠል የሚቆርጡበትን ቻቬታ ጠረጴዛው ላይ ያንኳኩበታል። ቻቬታ እጀታ የሌለው፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቢላ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲያንኳኩት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ ይመስላል። ንባቡ ካልጣማቸው ደግሞ መሬት ላይ ይጥሉታል። አጎቴ መድረኩ ላይ የወጡት እናቴ ገና ልጅ ሳለች ነው፤ በዚያን ሁሉ ዘመን ቻቬታ ወድቆባቸው አያውቅም።

ዓይናቸው ግን ወደቀ። ግላኮማ ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም ብሏቸዋል፤ እሳቸው ይህን ለማንም አልተናገሩም። ገና ሳይነጋ ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዜናውን ይሸመድዱና መድረኩ ላይ ወጥተው ጋዜጣውን ዘርግተው እንዳለ ይደግሙታል። እንዲያውም ከጋዜጣው ያምር ነበር። ራዲዮው የሚዘለውን የእግር ኳስ ውጤት ከራሳቸው ይጨምራሉ፤ ቡድናችን በዚያ ሰሞን ያሸነፈውን ያህል መቼም አሸንፎ አያውቅም።

ችግሩ ልብ ወለዱ ነው። ልብ ወለድ በራዲዮ አይነገርም። ስለዚህ ፈጠሩ። መጽሐፉ በወንዝ ዳር በጀልባ ሰው ስለምታሻግር አንዲት መበለት ነው፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዓይናቸው ሳይጠፋ አንብበውታል፤ የቀረውን ከሆዳቸው አወጡት። መበለቲቱን ዳሯት፣ አፋቷት፣ መልሰው ዳሯት። ማክሰኞ ዕለት ጀልባዋን የሚቀዝፍላት ሰው ሰምጦ ሞተ፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ሐሙስ ዕለት ያው ቀዛፊ የመበለቲቱን በር አንኳክቶ ምሳ ጠየቀ።

ከፊተኛው ጠረጴዛ እትዬ ኒየቬስ ቀና አለች። እትዬ ኒየቬስ የንባብ ኮሚቴው ሊቀመንበር ናት፤ ምላሷ ከቻቬታዋ ይስላል።

«ጋሽ ኤራስሞ፣ ይሄን ሰውዬ ማክሰኞ ቀብረነው አልነበር እንዴ?»

አጎቴ ገጽ ገለጡ። «ይሄ ወንድሙ ነው።»

«ስማቸውም አንድ ነው?»

«መንታ ናቸው።»

ፋብሪካው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ያን ቀን ምሳቸውን ላደርስ ሄጄ በር ላይ ነበርኩ፤ ሩዝና ጥቁር ባቄላው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ግን ሳቁ ሲያልቅ ጠቅላዮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እሱን አልወደድኩትም።

በማግስቱ እትዬ ኒየቬስ ቤታችን መጣች። በረንዳው ላይ ባለው ተወዛዋዥ ወንበር ተቀመጠች፤ የሰጠኋትን የጓያባ ጭማቂ ጠጥታ ጨረሰች፤ ከዚያ ነው የተናገረችው።

«ጋሽ ኤራስሞ፣ እርስዎ የሚፈጥሩት ከመጽሐፉ ሊበልጥ ይችላል፤ አላውቅም። እኛ የመረጥነው ግን አንባቢ ነው። ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። ቤኒግኖ ደግሞ ይሄን ሰምቷል።» ቤኒግኖ አስተዳዳሪው ነው። «አንባቢው ካላነበበ ድምፅ ማጉያው ላይ ራዲዮ እንግጠም፣ ቀኑን ሙሉ ዘፈን እንስማ ይላል። ወጣቶቹ ደስ ብሏቸዋል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ራዲዮ ቤቴም አለ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ይምጡና የተጻፈውን እንደተጻፈ ያንብቡልን። ካልሆነልዎት…» አልጨረሰችውም። ብርጭቆውን ሰጠችኝና ሄደች።

አጎቴ ኮቴዋ ከበረንዳው እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ፣ «ዩሲሚ» አሉኝ፣ «ጋዜጣውን ገልብጬ ነው እንዴ የምይዘው?»

«አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ ስትይ?»

«አልፎ አልፎ ያልኩት የሚስተካከልበትን ነው አጎቴ።»

ሳቁ፤ ግን እጃቸው የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ያለቻቸው ያቺ መድረክ ናት። ጠዋት ጠዋት ጓያቤራ ሸሚዛቸውን ተኩሼ ሳቀብላቸው እንደ ሙሽራ ነው የሚለብሱት። መድረኩን ካጡ ያንን ሸሚዝ ለብሰው የት ይሄዳሉ?

የአክስቴ ልጅ ኦስኔል እነሱ ቤት ሳሎን ውስጥ የስልክ መጠገኛ አለው፤ እኔም እዚያ እሠራለሁ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልወደደኝም፤ እኔም አልለመንኩትም። ኦስኔል ግን ኮምፒውተር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተምሯል። ሥራው ሲከፋፈል ብየዳው የእኔ ነው፣ ወሬው የሱ። የአጎቴን ነገር ስነግረው መፍቻውን አስቀመጠ።

«ማየት ለማይችሉ ሰዎች ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ» አለ። «ነፃ ነው። ሙሉ ኮዱ ፍላሽ ላይ አለኝ። መጽሐፉም ጋዜጣውም በፍላሽ ይገኛል። በማዳመጫ እየሰሙ ተከትለው ይናገሩታል። ሰው የሚሰማው የሳቸውን ድምፅ ነው።»

«በስልክ አይሆንም?»

«የኔ ስልክ የሚያነበው ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው።»

ፋብሪካው ውስጥ ኔትወርክ የሚያገኘው ጣሪያ ላይ የምትተኛው ድመት ብቻ ናት። የኦስኔል ኮምፒውተር ደግሞ ፍሪጅ ያክላል፤ መድረኩ ላይ ቢወጣ አጎቴ ይወርዳሉ። የቀረን አንድ አሮጌ የቴሌቪዥን ዲኮደር ነው። ኦስኔል ሆዱን ከፍቶ ትንሽ ኮምፒውተር አድርጎታል፤ መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር በየድኩት። ትንሽ ነው ስል ትንሽ ነው፤ ሜሞሪው ለትልቁ ፕሮግራም አይበቃም። ያ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ መስኮት ይከፍታል፣ ኪቦርድ ይሰማል፣ የዓለምን ቋንቋ ሁሉ ያውቃል፣ ሰዓት ይናገራል።

«እኛ ደግሞ የምንፈልገው ድምፁን ብቻ ነው» አለ ኦስኔል። «ድምፁ በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፤ አየሽው? ይሄን ብቻ ገልብጬ ለብቻው እገነባዋለሁ። ለነገ ምሳ ይደርሳል።»

መገንባት የሚሉት ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ሊያሠራው ወደሚችል ነገር መለወጥ ነው። እኔ መጋገር ነው የምለው፤ ኦስኔል ይናደድብኛል፤ ግን እሳት ያለው ነገር ነው፤ ከውስጡ ጥሬ የወጣም አይቻለሁ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ስደርስ ስክሪኑ በቀይ የስህተት ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ኦስኔልም ቀልቷል።

«ምን አለ?»

«ድምፁ የሆነ ፋይል ፈለገ። ፋይሉ ያለው ከፎልደሩ ውጭ ነው፣ ትልቁ ፕሮግራም ውስጥ።»

«ታዲያ አምጣለት።»

«አመጣሁለት። የመጣው ፋይል ሌላ ሁለት ጠራ።»

ማላንጋ የምንለውን ሥር ለእራት እየላጥኩ አየሁት። ድምፁን ጠራን፤ አክስቱን ይዞ መጣ። አክስቱ ባሏን ጠራች። ባልየው ያለ ወንድሞቹ አልንቀሳቀስም አለ። ከአሳማዋ እግሯን ብቻ ለመጥበስ ፈልገን እግሯ ጭንቅላቴ ሳይመጣ ምጣድ ላይ አልወጣም ያለች ነው የሚመስለው። የጻፉት ሰዎች አብረው ስለኖሩ እርስ በርስ እየተዋዋሱ ነው የሠሩት፤ አንዱ ብቻውን ከቤት ይወጣል ብሎ ያሰበ የለም። ፎልደሩ ለብቻው ስለተቀመጠ ለብቻው የሚቆም መስሎን ነበር።

«ሁሉንም ካመጣሁ ዲኮደሩ ይሞላል» አለ ኦስኔል። «የጎደለውን ከኢንተርኔት እንዳላወርድ ኢንተርኔት የሚገኝበት ፓርክ ውስጥ ተቀምጬ አረጃለሁ።»

ሐሳብ የመጣለት ቡና ሲያፈላ ነው። ድምፁ የሚጠራቸው ብዙዎቹ ፋይሎች ለኛ ሥራ አያስፈልጉም። ስማቸው ሲጠራ መልስ የሚሰጥ ካለ ይበቃል። ስለዚህ በየስማቸው ባዶ ፋይል ሠራ፤ ውስጡ ምንም የለም፤ ሲጠራ ብቻ «እሺ» ይላል።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አልኩት። «ዳኔይሲ ናት።»

«ማን?»

ትምህርት ቤት ሳለሁ ወንዝ ወርጄ የዋኘሁ ቀን ጓደኛዬ ዳኔይሲ ስሜ ሲጠራ ድምጿን አቅጥና «አቤት» ትልልኝ ነበር። መምህሩ ቀና አይልም። መዝገቡ ላይ አለሁ፤ እኔ ግን ውሃ ውስጥ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ባዶዎቹን ፋይሎች ዳኔይሲ ነው ያልናቸው። ኪቦርዱ ሲጠራ ዳኔይሲ፣ መስኮቱ ሲጠራ ዳኔይሲ፣ ሰዓቱ ሲጠራ ዳኔይሲ። ቀዩ ጽሑፍ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደና ጠፋ። ኦስኔል መጽሐፉን ሰጠው፤ ዲኮደሩ ትንሽ አንቋረረና ተናገረ።

ከባሕር ማዶ የመጣ የስፔን ቄስ ይመስላል። ቃሉን ሁሉ በጥርሱ መሃል እያፏጨ ነው የሚያወጣው። ግን ይናገራል። ኦስኔል ወንበሩ ላይ ቆሞ ጨፈረ፤ እኔ አጎቴን ልጠራ ሮጥኩ።

አጎቴ ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ ከተው ተከተሉት። አንድ አረፍተ ነገር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ ማዳመጫውን ነቅለው አወጡት።

«ይሄ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ?»

ሰማነው። እውነታቸውን ነው። ነጥብ የለ፣ ነጠላ ሰረዝ የለ፤ ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ አንድ ትንፋሽ ነው። ኦስኔል ኮዱን ገልጦ አየና ግንባሩን መታ። የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ለድምፁ የሚነግረው ሌላ ፋይል ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ዳኔይሲን አስቀምጧታል። ነጠላ ሰረዝ ሲመጣ ድምፁ «እዚህ ልረፍ?» ይላል፣ ዳኔይሲ «እሺ» ትለዋለች፤ የሚያርፍ ግን የለም።

እውነተኛውን ፋይል ከነዘመዶቹ አመጣው። ዲኮደሩ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ ግን ቻለው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጎቴ በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ ሳይቀር እስከ ጓሮው አጥር አባርሬዋለሁ። እኔና ኦስኔል ትንፋሻችንን ይዘን ሰማን። ድምፁ በጆሯቸው ይናገራል፣ እሳቸው ግማሽ ቃል ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ያንኑ ያወጡታል፤ በሳቸው አፍ ሲያልፍ ቄሱ ይጠፋና መበለቲቱ ትመጣለች። ሁለት ምዕራፍ አንድ ጊዜ ሳይደናቀፉ ጨረሱ።

«ነገ» አሉ፣ «ሸሚዙን አጥብቀሽ ተኩሺው።»

ዓርብ ጠዋት እኔና ኦስኔል ዲኮደሩን ከመድረኩ ሥር ደብቀን፣ ሽቦውን በሸሚዛቸው ውስጥ አሳልፈን፣ በር ላይ ቆምን። ጋዜጣው በሰላም አለፈ። ቡድናችን ተሸንፎ ነበር፤ ያንንም አነበቡት፤ ከኋላ አንዱ «አሁን ገና እውነተኛ ጋዜጣ መጣ» አለ። ጋሌራ በምንለው የመጠቅለያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን እንዳቆመ ከጣቶቻቸው ያስታውቃል፤ ቅጠሉን ቀስ ብለው ነው የሚያሽከረክሩት። ቤኒግኖ የራዲዮውን ኬብል ጥቅልል ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ግድግዳ ተደግፏል።

ከዚያ መጽሐፉ ተከፈተ። ሀብታሙ ነጋዴ መበለቲቱን «ጀልባሽን ልግዛ፣ አንቺንም ልጨምር» ይላታል። እሷ ትመልስለታለች፦ «ጀልባው ሁሉንም ያሻግራል፤ እኔ ግን የት እንደምወርድ አውቃለሁ።» አጎቴ ይህንን እንዴት እንዳሉት ልነግራችሁ አልችልም። አንዷ ቻቬታዋን አንኳኳች፤ ጎረቤቷ ተከተለቻት፤ ፋብሪካው በሙሉ ተነሳ። በረዶው ወረደ።

አጎቴ ፈገግ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ፈገግታው ፊታቸው ላይ ሲደርቅ አየሁት።

ድምፁ አልጠበቀም። ጠቅላዮቹ ሲያንኳኩ እሱ በጆሯቸው ውስጥ ይቀጥላል፤ በዚያ ጫጫታ ደግሞ ምን እንዳለ አልሰሙትም። ጸጥ ሲል ነጋዴው ሄዷል፣ ዝናብ ዘንቧል፣ አንድ የማናውቀው ሕፃን እያለቀሰ ነው። አጎቴ ከሕፃኑ ጀመሩ፤ ተዉት፤ ወደ ነጋዴው ሊመለሱ ሞከሩ፤ ድምፁ እየነዳ ሄደ። ላብ አንገታቸው ላይ ወረደ። ከራሳቸው አንድ አረፍተ ነገር ጨመሩ፤ እትዬ ኒየቬስ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ያቺን አረፍተ ነገር ከየት እንዳመጧት አውቃለች። ቆሙ።

ኦስኔል ጆሮዬ ላይ፣ «ማቆሚያው» አለኝ። «የማቆሚያው ቦታም ዳኔይሲ ናት።»

በጸጥታው ቤኒግኖ ወደ መድረኩ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ዲኮደሩን አየ፤ ሽቦውን በዓይኑ ተከተለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሲያሳጥር ደስ የሚለው ሰው ነው።

«ማሽኑ ነው እንዴ የሚያነበው?» አለ። «ታዲያ ጋሽ ኤራስሞን ለምን እናደክማለን? ድምፅ ማጉያው ላይ እንሰካው።»

ማንም ሳይመልስለት ሰካው። የስፔኑ ቄስ ፋብሪካውን ሞላው። ስለ መበለቲቱ ያነባል፣ ስለ ዝናቡ ያነባል፣ ሁሉንም በአንድ ፊት። ከኋላ አንዱ «አባታችን ሆይ ብለህ ጨርስልን» አለው፤ ሰው ሳቀ፤ ቄሱ ግን በሳቁ ላይ ሄደ። መበለቲቱ የሆነ ነገር ተናገረች፤ በሳቁ መሃል ማንም አልሰማትም። አንዷ «ምን አለች? ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ቄሱ ሌላ ገጽ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የወደቀው የእትዬ ኒየቬስ ቻቬታ ነው። ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ኦስኔል ሮጦ ሽቦውን ነቀለው።

«ሰውዬህ አይጠብቀንም ቤኒግኖ» አለች እትዬ ኒየቬስ። «ስንስቅ ትቶን ይሄዳል።»

«ራዲዮም አይጠብቅም፤ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።»

«ለዚህ ነው ራዲዮ ያልፈለግነው።» ጎንበስ ብላ ቻቬታዋን አነሳች። ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጋሽ ኤራስሞ፣ እርስዎም ዛሬ አልጠበቁንም። ሰኞ አንድ ጊዜ እንሰማዎታለን። ከዚያ እጅ እናወጣለን።»

አጎቴ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ወረዱ። እኔ እስከ ቤት ድረስ አፌን አልከፈትኩም፤ እኔን የምታውቁኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ይገባችሁ ነበር።

ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ቻቬታ እንደሚንኳኳ እዚህ ከተማ የማያውቅ የለም፤ እናቶቻችን ሆድ ውስጥ ሳለን ሰምተነዋል። እኛ ግን ዶሮ አባርረን፣ መስኮት ዘግተን፣ ትንፋሽ ይዘን ነው የሞከርነው። ድምፁን ከቤቱ አውጥተን ለብቻው እንዳስቀመጥነው ሁሉ አጎቴንም ከፋብሪካው አውጥተን ለብቻቸው ሞከርናቸው። ለብቻቸው ሁለቱም ጎበዞች ናቸው።

ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ኦስኔል በባትሪ ሠራ። የማቆሚያው ኮድ ትልቁ ፕሮግራም ውስጥ አለ። ግን የሚያቆመው በኪቦርድ ነው። እውነተኛውን አመጣው፤ ኪቦርዱን ጠራ፤ ኪቦርዱ መስኮቱን ጠራ፤ መስኮቱ ቤተሰቡን በሙሉ ጠራ። ጎትተን ያወጣነውን ድምፅ ወደ ቤቱ ሊመልሱት ተሰልፈው የመጡ ይመስላል። ዲኮደሩ ጢም ብሎ ሞላና ደረቀ።

«አይሆንም» አለ ኦስኔል። ሲያዝን እንደ ውሻ ቡችላ ነው፤ ለመሳደብም አይመች።

አጎቴ ጥግ ላይ ባለው ወንበር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

«ኦስኔል፣ ልጄ፣ እኔ የምፈልገው መስኮት አይደለም» አሉ። «ዝም በል ሲሉት ዝም የሚል፣ ቀጥል ሲሉት ካቆመበት የሚቀጥል ሰው ነው።»

«እንደሱ ያለ ሰው እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም» አልኳቸው።

«ቢያንስ አንቺ አይደለሽም።»

ኦስኔል ቀና አለ። ለራሱ ነው የሚያወራው። «የነሱን ማቆሚያ ለምን እፈልጋለሁ? አንድ ቁልፍ ብቻ የሚሰማ የራሴን ልጽፍ እችላለሁ። አጭር ነው። ማንንም አይጠራም።» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ። «ቁልፉን በእጅዎ ይይዛሉ። ሲጫኑት ያነባል፣ ሲለቁት ይቆማል።»

«እጄ መጽሐፍ ይዟል።»

«አጎቴ፣ መጽሐፉን እኮ አያዩትም» አልኩ።

«እነሱ ያዩታል» አሉ። «መጽሐፍ ያልያዘ አንባቢ መድረክ ላይ አይቀመጥም። እግሬ ግን ሥራ ፈት ነው።»

ያኔ ነው የእትዬ ኒየቬስ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ትዝ ያለኝ። እግር ሲጫነው ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ፀጉሯን ጠቅልላ ወጣች።

«የስፌት መኪናዎን ፔዳል ያውሱኝ።»

«ለምን?»

«ለአጎቴ እግር።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰኞ እጅ የማስወጣው እኔ ነኝ። ዳኛ ነኝ።»

«ዳኛ አይሰፋም?»

ከንፈሯ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ገብታ ፔዳሉን ሽቦውን ጠቅልላ አመጣችው። «የልጅ ልጄ ቀሚስ ግማሹ ላይ ነው፤ ሰኞ ከሥራ መልስ እፈልገዋለሁ። ደግሞ ስሚኝ፤ ከተደናቀፉ ፔዳሌን ወሰዱ ብዬ እጄን አላወጣም።»

«እኔም ልለምንዎት አልመጣሁም።»

«አፍሽን ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ» አለችኝና በሩን ዘጋች።

የፔዳሉን ሁለት ጫፎች ዲኮደሩ ላይ በየድኩ፤ ኦስኔል አጭሯን ኮዱን ጻፈ። እሑድ ስንሞክር መስኮቱን ወለል አድርገን ከፈትነው። ዶሮውን ራሴ በበቆሎ አባብዬ አስገባሁት። እናቴንና ጎረቤቶቿን ጠርቼ ድስትና ክዳን አስያዝኳቸው፤ በፈለጋቸው ጊዜ እንዲመቱ። አጎቴ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ጫጫታው እስኪያልፍ ይቀመጣሉ፣ እግራቸውን ይጭናሉ። መጀመሪያ ላይ ዘገዩ፤ አንዳንዴ ሁለት ቃል ያመልጣቸዋል። ኦስኔል እግር ሲነሳ ድምፁ የጀመረውን አረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እንዲደግም አደረገው። ከዚያ በኋላ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። ዶሮውም ተስማምቶት ሙሉውን ምዕራፍ አዳመጠ።

ሰኞ ጠዋት ቤኒግኖ ከነኬብሉ እዚያው ግድግዳ ላይ ነበር። አጎቴ ወጡ፤ ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ከፍ አድርገው ያዙ፤ ጫማቸው ፔዳሉን ፈለገና አገኘው። ያለፈውን ገጽ ደገሙት፤ ነጋዴው ጠየቀ፤ መበለቲቱ መለሰች፤ በረዶው ወረደ። የኔ ዓይን ጫማቸው ላይ ነበር። ተነሳ። አጎቴ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ የውሃ ብርጭቆውን በዳሰሳ አግኝተው ጠጡ፤ አፋቸውን በመሀረብ ጠረጉ። ጠቅላዮቹ ከሚገባው በላይ ነው ያንኳኩት፤ ሊፈትኗቸው ነው። እሳቸውን የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። የመጨረሻዋ ቻቬታ ስታርፍ ከኋላ አንዱ፣

«ጋሽ ኤራስሞ፣ መንታው የት ገባ?» አለ።

ጫማው እንደተነሳ ነው።

«ሳንታ ክላራ ከተማ ሥራ አገኘ» አሉ። «ሰላም ብሏችኋል። ከእናንተ ይሻላል፤ ሥራው ላይ ወሬ የለም።»

ሳቁ ጣሪያው ላይ ያለችውን ድመት ያስነሳት ይመስለኛል። ሳቁንም ጠበቁት፤ እስኪያልቅ፣ የመጨረሻዋ ሴት ዓይኗን እስክትጠርግ። ከዚያ እግራቸውን ጫኑ፤ መበለቲቱም ካቆመችበት ቀጥላ ጀልባዋ ላይ ወጣች።

ቤኒግኖ ምሳ ሳይደርስ ኬብሉን ይዞ ወጣ። ምዕራፉ ሲያልቅ እትዬ ኒየቬስ ተነስታ እጅ እናውጣ አለች። ማን እንዳወጣና ማን እንዳላወጣ አላየሁም፤ ዓይኔ ላይ የትምባሆ ብናኝ ገብቶ ነበር። ቻቬታዎቹ ሲንኳኩ ግን ሰማሁ፤ መሬት የወደቀ አልነበረም።

እትዬ ኒየቬስ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ በመድረኩ አጠገብ አለፈች። ቆመች። የአጎቴን እጆች ያዘች፤ መጽሐፉን ወሰደች፤ ላዩን ወደ ላይ፣ ታቹን ወደ ታች አድርጋ መለሰችላቸው።

«ምንድን ነው?» አሉ አጎቴ።

«አቧራ ነበረው» አለችና ሄዳ ቅጠሏን አነሳች።

አጎቴ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳረፉ።